የኮምፒዩተር ምሕንድስና ዲግሪ ይከፈት፤ ግን አንድ ዓመት ይቆየን

(በተማሪዎች ማኅበር የትምህርት ጉዳይ ኮሚቴ ስም በጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር መናዘዝ አለብን። ባለፈው ዓመት በዚሁ አዳራሽ ተሰብስበን፥ የኮምፒዩተር ምሕንድስና ራሱን ችሎ በዲግሪ ደረጃ ይሰጥልን ብለን የጮኽነው እኛው ነን። ፊርማ ያሰባሰብነው፥ ከዲኑ ቢሮ ደጃፍ የተመላለስነው፥ ደብዳቤ ጽፈን መልስ ሲዘገይ ሌላ ደብዳቤ የጻፍነው እኛው ነን። አሁን ዕቅዱ ተጽፎ አልቋል፤ ለሴኔት ሊቀርብ ነው፤ በመጪው መስከረም ተማሪ ይቀበላል ተብሏል። ደስ ሊለን ሲገባ ዛሬ ከፊታችሁ የቆምነው አንድ ዓመት እንዲቆይ ለመለመን ነው። ከእናንተ መካከል «እነዚህ ልጆች ትናንት ያሉትን ዛሬ ይክዳሉ» የሚል ቢኖር አንቀየመውም፤ ነገር ግን ነገራችንን እስክንጨርስ ድረስ በትዕግሥት እንዲሰማን እንለምናለን።

የኮምፒዩተር ምሕንድስና ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ይመልሳል። አንዱ «ኮምፒዩተር መጠገን ነው» ይላል፤ ሌላው «ፕሮግራም መጻፍ ነው» ይላል። የገዛ ወላጆቻችንም ከእነዚህ ከሁለቱ አያልፉም፤ እውነቱን ለመናገር ብዙዎቻችን የትምህርት ክፍል ስንመርጥ ከወላጆቻችን የተሻለ ዕውቀት አልነበረንም። ስለዚህ ከቤታችን ከምናውቀው ዕቃ እንጀምርና የመብራት ካርድ ቆጣሪን እንመልከት። ይህች ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ሣጥን የሚያልፍባትን ኤሌክትሪክ ትለካለች፤ ይህ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ዕውቀት ነው። የለካችውን ከተከፈለው ሒሳብ ላይ ትቀንሳለች፤ ይህ የፕሮግራም ጸሐፊ ዕውቀት ነው። ነገር ግን ከባዱ ጥያቄ ያለው በሁለቱ መካከል ነው። መብራት በድንገት ሲጠፋ የቀረውን ሒሳብ የት ታስቀምጠዋለች? መብራቱ ሄድ መጣ በሚልበት ቅጽበት ስትጽፈው የነበረው ቁጥር ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ቢቀርስ? አንድ ብልጥ ሰው ሽቦዋን ነካክቶ ሊያታልላት ቢሞክር በምን ታውቃለች? ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው የሽቦውንም የፕሮግራሙንም ጠባይ የሚያውቅ ሰው ነው። የኮምፒዩተር መሐንዲስ የምንለው እርሱን ነው። ሥራው ሁለቱ በሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ነው።

ነገሩ ከመጀመሪያውም ተለያይቶ አልነበረም። በኤውሮጳውያን አቈጣጠር በ1946 በአሜሪካ አገር የፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ ኤኒያክ የተባለውን መኪና ለሕዝብ ሲያሳይ፥ ከ17,000 የሚበልጡ የብርጭቆ ቱቦዎች ነበሩበት። ፕሮግራም ያወጡለት የነበሩት ስድስት ሴቶች ናቸው። ፕሮግራም ማውጣት ማለት ያን ጊዜ ቁጭ ብሎ በፊደል መጻፍ አልነበረም፤ ከመኪናው ፊት ቆሞ ገመድ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅሎ ወደ ሌላው መሰካት፥ ማብሪያ ማጥፊያውን አንድ በአንድ ማስተካከል ነበር። ሽቦውና ፕሮግራሙ አንድ ነገር ነበሩ። በኋላ ሥራው ሲሰፋ ሁለቱ ተለያዩ። በ1962 ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ የመጀመሪያውን የኮምፒዩተር ሳይንስ ዲፓርትመንት አቋቋመ። ያኛው ወገን ወደ ሒሳብ ሲያዘነብል፥ የኤሌክትሪክ መሐንዲሶቹ ደግሞ በትራንዚስተራቸው ቀሩ። እንዲህ ሆኖ ጥቂት ዓመታት ካለፉ በኋላ መሐሉ ባዶ መሆኑ ታየ። በ1971 በክሊቭላንድ ከተማ የሚገኘው ኬስ ዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ምሕንድስና ፕሮግራሙን በአሜሪካ ከሁሉ አስቀድሞ በሙያ ማኅበራት ዘንድ አስመዘገበ። በዚያው ዓመት ኢንቴል 4004 የተባለችው፥ 2,300 ያህል ትራንዚስተር በአንዲት ቅንጣት ላይ የያዘች ማይክሮፕሮሰሰር ለገበያ ወጣች። ኮምፒዩተር ከአዳራሽ ወጥቶ ቆጣሪ ውስጥ፥ መኪና ውስጥ፥ የሕክምና ዕቃ ውስጥ የሚገባበት በር የተከፈተው ያን ጊዜ ነው።

ስለ ኬስ ከተነሣ ዘንድ ከዋናው ነገር ትንሽ ወጣ ብለን አንድ ታሪክ እንጨምር፤ መምህራኖቻችን ይታገሡን። ከዚያ ዲግሪ ብዙ ቀደም ብሎ፥ በ1950ዎቹ መጨረሻ፥ ዶናልድ ክኑዝ የሚባል ወጣት በዚሁ በኬስ ተማሪ ነበር። ትምህርት ቤቱ አይ.ቢ.ኤም. 650 የተባለ አንድ ኮምፒዩተር ነበረው። በብዙ ቦታ የዚያን ጊዜ ተማሪ መኪናውን በመስኮት ከማየት በቀር መንካት አይፈቀድለትም ነበር፤ በካርድ የተበሳ ፕሮግራሙን ለሠራተኛ ሰጥቶ በማግሥቱ መልሱን ይቀበላል። በኬስ ግን የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ራሳቸው ከመኪናው ዘንድ እንዲሠሩ ይፈቀድ ነበር። ክኑዝም ሌሊቱን ከዚያ ያድር ነበር። ይህ ሰው በኋላ በዓለም የታወቀ ሊቅ ሆኖ ስለ ፕሮግራም ጥበብ ትልቁን መጽሐፉን ሲያሳትም፥ መታሰቢያነቱን የሰጠው ለሰው ሳይሆን ለዚያች 650 ኮምፒዩተር ነው። እኛ ከዚህ የምንወስደው፥ ያ ትምህርት ቤት የዲግሪው ስም ከመውጣቱ ከአሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ የላቦራቶሪውን በር ለተማሪ ከፍቶ እንደ ነበረ ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1943 ዓ.ም. ነው፤ የምሕንድስና ኮሌጁ በ1945 ዓ.ም. ተከተለ፤ እነዚህና ሌሎች ኮሌጆች በ1954 ዓ.ም. ተጠቃልለው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ በየክፍለ ሀገሩ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፍተዋል፤ የእኛም አንዱ ነው። የኮምፒዩተር ምሕንድስና ግን በብዙዎቹ ዘንድ የኖረው «ኤሌክትሪካልና ኮምፒዩተር» በሚለው ስም ውስጥ፥ እንደ ታናሽ ወንድም ነው። በእኛም ቤት እንደዚያው ነው። ሦስት ዓመት ያህል ስለ ሞተር፥ ስለ ትራንስፎርመር፥ ስለ ማስተላለፊያ መስመር ከተማርን በኋላ ወደ መጨረሻው ገደማ «የኮምፒዩተር ዘርፍ» እንመርጣለን። ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአንድ ሴሚስተር፥ የኮምፒዩተር አሠራር በሌላው፥ ከዚያ መመረቂያ ጽሑፍ። ትራንስፎርመር አያስፈልግም አንልም፤ ግን በጥድፊያ የተጐረሰ ትምህርት እንዴት እንደሚወርድ የሞከረው ያውቃል። ራሱን የቻለ ዲግሪ የጠየቅነው ስለዚህ ነው፤ ያንንም ጥያቄ ዛሬ አንተወውም።

ታዲያ ለምን ይቆይ እንላለን?

በመጀመሪያ ስለ ራሳችን ላቦራቶሪ እንናገር። ባለፈው ሴሚስተር አንድ ቁልፍ በተጫኑት ቁጥር አንድ እየጨመረ የሚቈጥር መሣሪያ እንድንሠራ ታዘዝን። ቀላል ነገር ነው። በኮምፒዩተር ማስመሰያው ላይ ሠራነው፤ አንድ ጊዜ ሲጫኑት አንድ፥ ሁለት ጊዜ ሲጫኑት ሁለት ይላል። ሪፖርታችንን ጽፈን ሙሉ ማርክ አገኘን። ከእኛ መካከል ጥቂቶች ለጉጉት ያህል ከመርካቶ የተገዙ ዕቃዎች አምጥተን በእውነተኛ ቁልፍና በእውነተኛ ሽቦ ሠራነው። አንድ ጊዜ ስንጫን ሦስት አለ። ደግመን ስንጫን ሰባት አለ። ፕሮግራሙን ሦስት ሌሊት መረመርነው፤ ስሕተት የለበትም። በአራተኛው ቀን በላቦራቶሪው ያሉት አንድ ቴክኒሻን፥ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፥ ጠጋ ብለው አዩንና ሳቁ። ያለችውን አንድ ኦሲሎስኮፕ ከሌሎች ተማሪዎች ለምነው አመጡልንና ሽቦውን አያያዙት። «ተጫን» አሉ። በመስተዋቱ ላይ የታየው መስመር አንድ ጊዜ ብድግ ብሎ የሚቆም አልነበረም፤ እንደ ወደቀ ኳስ ይነጥራል። የቁልፉ ሁለት ብረቶች ሲጋጠሙ ጸንተው ከመያያዛቸው በፊት ለጥቂት ሺኛ ሰከንድ ይነጣጠራሉ፤ ለሰው ጣት አንድ የሆነው ነገር ለመኪናው ብዙ ነው። መኪናው አልተሳሳተም፤ በትክክል ቈጥሯል። ያልገባን እኛ ነን። መጠበቂያ ጥቂት ጊዜ በፕሮግራሙ ውስጥ ስንጨምርበት ነገሩ ተስተካከለ።

ይህን የነገርናችሁ ብልሃታችንን ለማሳየት አይደለም። ይህ በየመጽሐፉ ያለ፥ ሙያው ላለው ሰው የታወቀ ነገር ነው። የሚያሳዝነው ግን ሙሉ ማርኩን ያገኘነው በማይሠራው ነው። ከእኛ ክፍል አብዛኛው ተማሪ ያን መሣሪያ በማስመሰያው ላይ ብቻ ሠርቶ አልፏል፤ ለመላው ክፍል የሚሠራ ኦሲሎስኮፕ አንድ ብቻ ስለ ሆነ ሌላ ለማድረግ አይቻልም ነበር። ጋሼም ጡረታ ሊወጡ ነው፤ የሚተካቸው ሰው እስከ ዛሬ አልተቀጠረም። ከመምህራን መካከል አንዱን ለወቀሳ አናነሣም፤ እነርሱም ከእኛ እኩል እንደሚቸገሩ እናያለን።

አንዳንድ ሰው «ስለ አንድ ቁልፍ ይህን ያህል?» ሊለን ይችላል። እንግዲህ በልባችን ያለውን እንናገር። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ተነሥቶ ስድስት ደቂቃ ያህል ከበረረ በኋላ ከቢሾፍቱ ባሻገር ወደቀ። 157 ሰዎች አለቁ። ከዚያ አምስት ወር ገደማ አስቀድሞ በኢንዶኔዥያ የዚያው ዓይነት አውሮፕላን ወድቆ 189 ሰዎች ሞተዋል። በምርመራው እንደ ተገለጸው፥ በዚያ በቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላን ውስጥ ኤምካስ የሚባል ፕሮግራም ነበረ። አውሮፕላኑ አፍንጫውን ከልክ በላይ ቀና ያደረገ ሲመስለው ወደ ታች ይደፋዋል። ይህን የሚያውቀው ከነፋሱ አንጻር ያለውን ማዕዘን ከሚለካ መሣሪያ ነው። አውሮፕላኑ ከአፍንጫው ግራና ቀኝ እንዲህ ያለ ሁለት መሣሪያ ነበረው፤ ፕሮግራሙ ግን በአንድ በረራ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነበር። አንዱ የተሳሳተ ቁጥር ሲልክለት ከሌላው ጋር አላስተያየም። ፓይለቶቹ ቀና ሲያደርጉት እርሱ ደፋው።

ፕሮግራሙ የታዘዘውን ፈጽሟል። ቆጣሪያችን በትክክል እንደ ቈጠረ ሁሉ እርሱም ከተላከለት ቁጥር ጋር የሚስማማውን አደረገ። ከጉዳዩ ብዙ ነገር አለ፤ የኩባንያ ጥቅም አለ፥ የተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ቸልታ አለ፥ የፓይለቶች ሥልጠና ጉዳይ አለ፤ ሁሉንም በአንድ ምክንያት ጠቅልለን ለመናገር አንደፍርም። ነገር ግን ከነዚህ ሁሉ ሥር አንድ የምሕንድስና ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ይህ ሽቦ ቢዋሽስ?» የሚል ነው። ይህን ጥያቄ መጠየቅ የሚለምደው የሚዋሽ ሽቦ በገዛ እጁ ይዞ ያየ ሰው ነው። በማስመሰያው ውስጥ ሽቦ አይዋሽም። ከእኛ መካከል በዚያ አውሮፕላን ዘመድ የሞተበት አለ። ስለዚህ ይህ ነገር ለእኛ የማርክ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ ዕቅዱ እንግባ። ዕቅዱን መምህራን በመልካም ፈቃድ ሰጥተውን አንብበነዋል። በወረቀት ደረጃ ጥሩ ነው። ሁለቱ የአሜሪካ የሙያ ማኅበራት፥ አይ.ትሪፕል.ኢ.ና ኤ.ሲ.ኤም.፥ በ2004 በጋራ ያወጡትንና በ2016 ያደሱትን የኮምፒዩተር ምሕንድስና መመሪያ ተከትሏል፤ ዲጂታል ሎጂክ አለ፥ በዕቃ ውስጥ የሚቀበር ኮምፒዩተር አለ፥ ኔትወርክ አለ፥ የጸጥታ ትምህርት አለ። ነገር ግን ያው መመሪያ ላቦራቶሪን የትምህርቱ ዋና ክፍል አድርጎ ይቈጥረዋል፤ በእኛ ዕቅድ ግን የላቦራቶሪው ነገር በመጨረሻው ገጽ «ዕቃዎቹ በሒደት ይሟላሉ» በሚል አንድ መስመር አልፏል። ይህች «በሒደት» የምትባል ቃል ከእኛ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት። የመኝታ ቤታችን ውሃም በሒደት እንደሚገባ ከተነገረን ሦስተኛ ዓመታችን ነው።

የምንለምነው እንግዲህ ይህ ነው። አንዱ ዓመት ለዕቃና ለሰው ይዋል። ዕቃ ስንል የሰማይ ኮከብ አይደለም። ሁለት ተማሪ በአንድ የሚሠራበት ኦሲሎስኮፕና የኤሌክትሪክ ምንጭ፥ ማይክሮኮንትሮለር፥ ተማሪው ራሱ የሎጂክ ወረዳውን እየቀረጸ ደጋግሞ የሚያፈርሰውና የሚሠራው ኤፍ.ፒ.ጂ.ኤ. የተባለው ሰሌዳ፥ መበየጃ፥ የሚቃጠሉ ዕቃዎችን በየሴሚስተሩ የሚተካ በጀት። ስለ መጨረሻው አጥብቀን እንናገራለን፤ ተማሪ ሳያቃጥል አይማርም፤ አንድ ሰሌዳ ሲቃጠል ተማሪው ከኪሱ ክፈል የሚባል ከሆነ ማንም አይነካውም፤ ሰሌዳውም ከነካርቶኑ በቁም ሣጥን ተቈልፎበት ያረጃል። ሰው ስንል ደግሞ መምህር ብቻ ማለታችን አይደለም። ጋሼ ከመሄዳቸው በፊት ከአጠገባቸው ሁለት ወጣት ቴክኒሻኖች ተቀጥረው አብረዋቸው ይሥሩ። እርሳቸው የሚያውቁት ነገር በየትም መጽሐፍ አልተጻፈም።

የመጀመሪያው ዓመት ተማሪዎች ቁጥርም በላቦራቶሪው ወንበር ልክ ይሁን እንጂ በአዳራሹ ወንበር ልክ አይሁን። ላቦራቶሪውም እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ክፍት ይሁን። ጥበቃ ያስፈልጋል ከተባለ ከማኅበራችን ተራ ገብተን እንጠብቃለን፤ ይህን ስንል ቀልድ አይደለም፤ ስማቸውን የሰጡ ተማሪዎች አሉ።

የሚቃወሙን ጓደኞቻችን የሚሉትንም ሰምተናል፤ ከባድ ነገር ነው። አንደኛው፥ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፍቱ እኛ ብንዘገይ ተማሪ ይሸሸናል ይላሉ። እኛ ግን «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው እንላለን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ማንም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመውጫ ፈተና ሳያልፍ አይመረቅም፤ ያለ ላቦራቶሪ የገባው የመጀመሪያ ባች በአምስተኛ ዓመቱ ቢወድቅ የሚጠየቀው ዕቅዱን የጻፈው ሰው አይደለም፤ ተማሪው ነው። ከዚህም በላይ ፈተናው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱን ያለፈ ሁሉ ቆጣሪ ይሠራል ማለት አይደለም። ሌላው ደግሞ፥ በጀት የሚመጣው ተማሪ ከገባ በኋላ ነው፤ ባዶ ክፍል ለሌለ ተማሪ ዕቃ የሚገዛ የለም ይላሉ። ይህ እውነትነት አለው። ለዚህ ሙሉ መልስ አለን ብለን አንመካም። የምንለው፥ ሴኔቱ ዲግሪውን ዛሬ ያጽድቅና የሚጀመርበትን ዓመት ከላቦራቶሪው ጋር ያስረው ነው። የጸደቀ ዲግሪ ካለ በጀት ለመጠየቅ እጅ አለው፤ የገባ ተማሪ ግን ከሌለ የሚጐዳ ሰው የለም።

ሦስተኛውን ተቃውሞ ለመናገር ይከብደናል። አሁን ፍሬሽማን ያሉት ታናናሾቻችን ይህን ዲግሪ ተስፋ አድርገው ማርካቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። አንድ ዓመት ከዘገየ እነርሱ አይደርሱበትም፤ እንደ እኛ በኤሌክትሪካል ጉያ ገብተው ዘርፍ መምረጥ ይሆናል ዕጣቸው። ትናንት ማታ ሦስቱ መኝታ ቤታችን ድረስ መጥተው «እናንተ ታላላቆቻችን ናችሁ ብለን ነበር» አሉን። ምን እንመልስላቸው? ፊርማቸውን ከእኛ ጋር የፈረሙ ልጆች ናቸው። የተሟገትንላቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አዲሱ ላቦራቶሪ ሲከፈት ለእነርሱም እኩል እንዲከፈትላቸው፥ የአዲሱንም ዲግሪ ኮርሶች እንዲወስዱ እንዲፈቀድላቸው በአቤቱታው ላይ ጽፈናል። ይህ ተስፋቸውን እንደማይተካ እናውቃለን፤ ለእነርሱም ነግረናቸዋል። ከሦስቱ አንዷ አልተቀበለችንም፤ ዛሬም ከኋላ ተቀምጣለች፤ ከእኛ በኋላ ልትናገር ስሟን አስመዝግባለች። ጆሮ ስጧት።

መዝገቡ በበሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው፤ የሚስማማም የማይስማማም በየዓምዱ ይፈርም። የሴኔት አባላት የሆናችሁ መምህራኖቻችን ደግሞ ከመወሰናችሁ በፊት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ወደ ላቦራቶሪው ብቅ እንድትሉልን እንለምናለን። ጋሼም ይገኛሉ። ያችን ቆጣሪ ከነስሕተቷ፥ መጠበቂያውን አውጥተን፥ ጠረጴዛው ላይ እናስቀምጣታለን። ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጫኑና ስንት እንደምትል እዩ።